ቀብዱን ከመስጠትሽ በፊት

ደሴ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፣

ወንድምሽ ትናንት ማታ ደውሎ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች ያሉት ቤት ልትገዢ መሆኑንና ደላላው ለቅዳሜ ቀብድ እንድታዘጋጂ እንደነገረሽ ካጫወተኝ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሠርተሽ ባጠራቀምሽው ገንዘብ ለቤት መብቃትሽ አኩርቶኛል፤ ነገር ግን መሬት አስተዳደር ያለው የቤቱ ፋይል ሳይታይ አንድ ብር ቀብድ እንዳትሰጪ።

ኪራዩ ስንት ያወጣል፣ ገንዘቤስ በስንት ዓመት ይመለሳል ብለሽ መጠየቅሽን ሰምቻለሁ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ክፍል የሚፈልግ ሠራተኛ ስላለ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የሚቀድመው ሻጩ ምን እንደሚሸጥልሽ ማወቅ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ሻጩ የሚያስተላልፍልሽ ቤቱንና የይዞታ መብቱን ብቻ ነው፤ ይዞታው የሊዝ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለ ቀሪ የሊዝ ክፍያ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ሻጩን ይዘሽ መሬት አስተዳደር ሂጂና ካርታው ከፋይሉ ጋር መመሳሰሉን፣ የባንክ ዕዳም ሆነ የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን አረጋግጪ። ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም።

የሮቢቱን ቤት ነገር በስም ብቻ ነው የምታውቂው፤ ያኔ ገና ዳዴ ትዪ ነበር። ሻጩ ወዳጄ ስለነበር ካርታውን እንኳ አሳየኝ አላልኩትም። ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ ሁለት ምስክሮች ፈርመው፣ የእናትሽ ድሪ የተሸጠበትን ገንዘብ ለቀብድ ቆጥሬ ሰጠሁት። በሳምንቱ ሚስቱ ልጅ አዝላ ደጃችን ላይ ቆመች፤ ቤቱ የልጆቿ መጠለያ መሆኑንና ባሏ ጨርሶ እንዳላማከራት እያለቀሰች ነገረችን። እናትሽ አስገብታ ቡና አፈላችላት፤ እኔም ቤቱን ተውኩት። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን እንዲመልስ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያዛል፤ ሰውየው ግን በልቶት ስለነበር እጥፉ ቀርቶ የሰጠሁትም አልተመለሰልኝም። እናትሽ ነገሩን አንድም ቀን አላነሳችብኝም፤ ሰርግ በተጠራን ቁጥር ግን ባዶ አንገቷን በነጠላዋ ጥለት ስትሸፍን አይ ነበር። እስክታርፍ ድረስ ያንን ድሪ አልተካሁላትም። ደግሜ እልሻለሁ፣ ፋይሉ ሳይታይ ቀብድ እንዳትሰጪ።

የተከራዮችን የዓመት ኪራይ በቅድሚያ ተቀብለሽ ቀሪውን ለመክፈል ያሰብሽውንም ተዪው። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ በሚሠራበት ከተማ ውል ከሁለት ዓመት እንዲያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዲበልጥ አይፈቅድም። ቤቱንም በእኩለ ቀን ግቢና እዪው፤ ኮምቦልቻ እንደኛ ደጋ አይደለምና ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ሰው ልጁን አስተኝቶ አይከርምም። ቆጣሪው ለስንት ክፍል እንደሆነም ጠይቂ።

ደላላው ሌላ ገዢ መጥቷል ብሎ ቢያጣድፍሽ ለዚያው ይሽጥለት፤ አንቺ ቀብድ እንዳትሰጪ። የካርታውን ፎቶ ዛሬውኑ ለወንድምሽ ላኪለት። ዓርብ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ እወርዳለሁና መናኸሪያው በር ላይ ጠብቂኝ፤ ረስተሽው የሄድሽውንም ጋቢ ይዤልሽ እመጣለሁ።

አባትሽ