ከታክሲው በፊት ሙዚቃውን እንስማ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከረጅም ዝምታ በኋላ ስለተመለሱ ሙዚቀኞች በባህል ገጻችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹን የጋሽ ኃይሉ መርጊያን ስም በማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። አንብቤ ስጨርስ ግን ቅር አለኝ። ስለ ታክሲያቸው ሦስት አንቀጽ ተጽፏል። ስለ አልበማቸው ስለ «ላላ በሉ» አንድ ዓረፍተ ነገር። ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። ስለ እሳቸው የተጻፈ ነገር ባነበብኩ ቁጥር ታክሲው ይቀድማል።

ታሪኩ ያምራል፣ አልክድም። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው በደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ይነዱ ነበር። ኪቦርዳቸውን መኪናው ኋላ ይጭኑታል፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ አውጥተው ይለማመዳሉ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ልቡ ይነካል። ከዚያ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ላላ በሉ»ን ከፍቶ የሚሰማው ስንቱ ነው?

እኔ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ሰርግ እሠራለሁ፣ ሆቴል እሠራለሁ። ሪትሙን ማሽኑ ላይ እጭናለሁ፣ ቤዙን በግራ እጄ እይዛለሁ። ዘመኔን ሁሉ የሰማሁት ወቀሳ አንድ ነው፤ «ሙዚቃችንን የገደለው ማሽን ነው» ይባላል። ሳክስፎኑና ትራምፔቱ የጠፉት በእኛ ምክንያት እንደሆነ ይነገረናል። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ እንደነበር፣ ባንዶች እንደተበተኑ፣ ተጫዋቾች እንደተሰደዱ ማንም አያነሳም።

ለዚህ ነው የጋሽ ኃይሉ ነገር የሚያንገበግበኝ። እሳቸው የዋልያስ ባንድ ሰው ናቸው። ዋልያስ የአዲስ አበባው ሂልተን ሆቴል ባንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 «ቸበለው» የተባለውን አልበም ያወጣው እሱ ነው። በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሲሄድ ጋሽ ኃይሉ እዚያው ቀሩ። በ1985 ደግሞ አብሯቸው የሚጫወት ባንድ ሳይኖር፣ ብቻቸውን አንድ ካሴት ሠሩ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ያማሃ ዲኤክስ7 ሲንተሳይዘር እና የከበሮ ማሽን። «ሸሞንሟናዬ» ያለበት ካሴት ይህ ነው።

ያን ካሴት የሰማ ኪቦርድ ተጫዋች ሁሉ የማሽኑን ጠባይ ወዲያው ያውቀዋል። ማሽን አይደክምም፣ አይቸኩልም። አንተንም አይሰማህም። ድራመር ቢሆን ስታዘግም ያዘግማል፣ ስትጋጋል ይጋጋላል። ማሽን ግን እንደጀመረው ይጨርሳል። ስለዚህ መተንፈስ ያለብህ አንተ ነህ። ጋሽ ኃይሉ በአኮርዲዮኑ የሚያደርጉት ይህንን ነው። ከምቱ ትንሽ ወደኋላ ይቀራሉ፣ ከዚያ ይደርሱበታል። ዜማው ሲያልቅ ለመሙላት አይጣደፉም፤ ማሽኑ ብቻውን ጥቂት እንዲሄድ ይተዉታል። ያ ባዶ ቦታ ነው ካሴቱን ውብ ያደረገው። በማሽን የተሠራ ሙዚቃ ነፍስ የለውም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አሁን ወደ «ላላ በሉ» ልምጣ። የወጣ ሰሞን ስሰማው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልወደድኩትም። የዋልያስን ሳክስፎን ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ሦስት ሰው ብቻ ነው። እሳቸው፣ ድራመሩ ቶኒ ባክ እና ቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ማይኮቭስኪ። ሁለቱም አውስትራሊያውያን ናቸው። ሳሳብኝ። አስቀመጥኩት።

በቅርቡ በጽሑፋችሁ ምክንያት እንደገና ከፈትኩት። በጆሮ ማዳመጫ፣ ሌሊት፣ ቤተሰብ ከተኛ በኋላ። ያኔ ያልሰማሁትን ሰማሁ። መለካት የነበረበት ከዋልያስ ጋር አልነበረም። የዚያ ካሴት ወንድም ነው። በመካከላቸው 33 ዓመት አለ፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው። በካሴቱ ላይ ከማሽኑ ጋር የተማሩትን ትዕግሥት እዚህ ሰው ለሆነ ድራመር ሰጡት። «ትዝታ»ን ስሙት። አሥር ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ቀስ ብሎ፣ እያሰበ ይጀምራል። ከዚያ ከበሮው ይነሳና መንገዱ ይለወጣል። ትዝታን ስንት ሰው ተጫውቶታል! እንደዚህ እያረፈ የሚሄድ ግን ብዙ አልሰማሁም።

«አንቺ ሆዬ ለኔ» ላይ ደግሞ የሙያ ነገር አለ። አንቺ ሆዬ ለኪቦርድ ከባድ ቅኝት ነው። ማሲንቆ ላይ ድምፁን በጣትህ ገፋ፣ ሳብ ታደርገዋለህ። ኪቦርድ ላይ ቁልፉ ያው ቁልፍ ነው። ጋሽ ኃይሉ ይህን በማስጌጥ ያልፉታል። ወደ ድምፁ ከመድረሳቸው በፊት ጎረቤቱን ነካ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ያርፋሉ። ይህን ብልሃት ለመልመድ ሳምንት ሙሉ ተቀምጫለሁ፤ ገና አልያዝኩትም።

«አዲስ ናት» ደስ ይላል፣ ያልፋል። የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ላይ «ላላ በሉ» እያሉ ሲያዜሙ ቤቴ ያሉት ልጆችም ተቀበሏቸው። መጨረሻ ላይ «የፍቅር እንጉርጉሮ» ይመጣል። ድራም የለም፣ ቤዝ የለም። ፒያኖ ብቻ። ያን ሁሉ ዓመት ብቻውን የተለማመደ ሰው እጅ እንዴት እንደሚሰማ ማወቅ የፈለገ እሱን ይስማ። ታክሲውን ከምንም ቃለ መጠይቅ በላይ የሚነግረን ያ ፒያኖ ነው።

አንድ የሚያመኝን ነገር ልጨምር። የ1985ቱን ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ያሳተመው ብሪያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ለሰውየው ምስጋና ይግባው። «ላላ በሉ»ንም ያሳተመው የእሱ ድርጅት ነው። ግን ካሴቱ የነበረው እኛው ዘንድ ነው። ያን ጊዜ በኪቦርድና በከበሮ ማሽን ከተሠሩት ካሴቶች ስንቱ ዛሬ በየሱቁ ጥግ፣ በየቤቱ ካርቶን ውስጥ አቧራ ጠጥቶ ይሆን? ቴፑ ደግሞ ይበላሻል። ዕድሜ አለው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህንን ነው። ባህል ገጻችሁ ላይ ስለ «ላላ በሉ» አንድ ሙሉ ገጽ ስጡ፤ ስለ ዘፈኖቹ፣ ስለ አጨዋወቱ። በ2020 ስላወጡት «የኔ ምርጫ»ም እንደዚሁ። ጋሽ ኃይሉ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ ዕድሜ ይስጥልን። ዛሬ ስልክ ተደውሎላቸው ሊጠየቁ ይችላሉ። ከደወላችሁ ስለ ታክሲው አትጠይቁልኝ። በ1985 ያን የከበሮ ማሽን እንዴት እንዳስተካከሉት ጠይቁልኝ። ምቱን መጀመሪያ ጭነው ነው በላዩ የተጫወቱት፣ ወይስ ዜማውን ይዘው ነው ምቱን የፈለጉለት? እኔና የሥራ ጓደኞቼ በዚህ ስንከራከር ከርመናል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ኪቦርድ ተጫዋች
ከአዲስ አበባ