ጥፋቱን ሁሉ በሙሽራይቱ ላይ አንጫን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከውጭ መጥተው ወደ እንግሊዝ መሳፍንት ቤት በጋብቻ ስለገቡ ሴቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ብዙ ደክመውበታል፤ ይሁን እንጂ ትዳሩ ሲፈርስ ወይም ቤተሰቡ ሲቃቃር ጥፋተኛዋ «ለወግ አልገዛም ያለችው» ሙሽራ እንደሆነች አድርገው መደምደማቸው ሚዛናዊ ፍርድ ስላልመሰለኝ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ጸሐፊው ያለፉት ዋና ነገር የውርስ ሥርዓቱን ነው። በእንግሊዝ መሳፍንት ዘንድ ማዕረግ በአብዛኛው የሚተላለፈው ለታላቁ ወንድ ልጅ ብቻ ሲሆን፣ ግንቡና መሬቱም እንዳይከፋፈል ማዕረጉን ተከትሎ እንዲሄድ ሲደረግ ኖሯል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በዙፋን ወራሽነት ሴት ልጅ በታናሽ ወንድሟ እንዳትቀደም ቢያደርግም የመሳፍንቱን ማዕረግ አልነካም። እንዲህ ባለ ቤት የምትገባ ሴት ጠባይዋ የቱንም ያህል ቢያምር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠበቅባት ወንድ ልጅ መውለድ ነው። አሜሪካዊቷ ኮንሱኤሎ ቫንደርቢልት በ1895 እ.ኤ.አ. ዘጠነኛውን የማርልቦሮ መስፍን ስታገባ ከአባቷ ቤት በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይዛ ገብታለች። ሆኖም በ1897 ወንድ ልጅ እስክትወልድ ድረስ የማዕረጉ ተጠባባቂ የባሏ የአጎት ልጅ ዊንስተን ቸርችል ስለነበር፣ ገንዘቧ ብቻውን ለቤተሰቡ በቂ አልነበረም። ጋብቻው ራሱ በእሷ ፈቃድ የተፈጸመ አልነበረም፤ በ1926 በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ሲሻር አስገድጄ የዳርኳት እኔ ነኝ ብላ የመሰከረችው እናቷ ናት። ታዲያ ይህን ትዳር ያፈረሰው የሙሽራይቱ አጉል ነፃነት ነው ለማለት የሚደፍር ማን ነው?

ስለ ልዑል ሃሪና ስለ ሜጋን ማርክል ብዙ ስለተባለ አልመለስበትም። በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከንጉሣዊ ሥራቸው ለመውጣት መወሰናቸውን በአንድነት ያሳወቁት ባልና ሚስቱ ሆነው ሳለ፣ እዚህ እኛ ዘንድ እንኳ ሲወቀስ የምሰማው የእሷ ስም ነው።

ነገሩ የሚያሳስበኝ የወንዶች ልጆች እናት በመሆኔና በሰሜን ሸዋም ተመሳሳይ ነገር በማየቴ ነው። በአባቶቻችን ሥርዓት ርስት ከእናትም ከአባትም ወገን ይቆጠር ነበር፣ ሴትም እንደ ወንድ ትወርስ ነበር፤ በሰማንያ የተጋባች ሴት ብትፈታ ንብረቷን ተካፍላ ትወጣ ነበር። በዚህ ረገድ የመንዝ ገበሬ ልጅ ከእንግሊዝ መስፍን ልጅ የተሻለ መብት ነበራት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በአማት ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐዋሳ ያደገች አንዲት ሙሽራ መንዝ ውስጥ ወዳለው የባሏ ቤተሰብ ቤት በገባችበት ዕለት፣ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች ተብሎ ሲጠበቅ ብድግ ብላ ማስታጠቢያውን ከልጁ እጅ ተቀበለችና እየሣቀች፣ የእያንዳንዱን ሽማግሌ ስም እየጠየቀች እጅ ታስታጥብ ጀመር። አማትየዋ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ከጓዳም «ዓይን አውጣ» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። የባሏ አባት ግን እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ ቆመው መረቋት። ልጅቱ በምታውቀው መንገድ አክብራቸዋለች፤ የእነሱን ወግ አስቀድሞ የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

ዘር ቆጠራን አጥብቀን የምንይዝ የሸዋ ሰዎች የራሳችንንም ታሪክ ልናስብ ይገባል። ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት በ1836 ዓ.ም. እንጎለላ ላይ ሲሆን፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ የመሳፍንት ልጅ ሳይሆኑ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግቢ በአገልግሎት የነበሩ ሴት እንደሆኑ ይነገራል። የሸዋ ቤት በእሳቸው ምክንያት አልፈረሰም።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉ በዚህ ርዕስ ሲመለስ የባልን ቤተሰብ ኃላፊነት ጭምር እንዲመረምር እጠይቃለሁ። በአካባቢያችን ያሉ ሽማግሌዎችን ብታነጋግሩም መልካም ነው፤ ለሽምግልና ሲሄዱ ስለ ጥሎሽና ስለ ሠርጉ ቀን እንደሚነጋገሩት ሁሉ፣ ከሌላ አገር ለምትመጣው ልጅ የቤቱን ወግ የሚያስረዳትና የእሷንም ወግ ለአማቶቿ የሚነግር ሰው ለምን እንደማይመድቡ ጠይቁልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን