እብጠቱ ከተገኘ በኋላስ?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጥቅምት በመጣ ቁጥር ሮዝ ሪባን ይታሰራል፤ «ጡታችሁን ፈትሹ» ይባላል። ደግ ነገር ነው። እብጠት ያገኘችው ሴት በማግስቱ ምን ብላ መጠየቅ እንዳለባት ግን ማንም አይነግራትም፤ ወራቱ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ስለዚህ «አላመመኝም» መተማመኛ አይሆንም፤ «በዘራችን የለም» ማለትም እንዲሁ፤ ከታማሚዎቹ የሚበዙት በቤተሰባቸው ይህ በሽታ አልታየም። የወር አበባ አልፎ ያልጠፋ እብጠት፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተቦረቦረ ቆዳ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ደም ያለው ፈሳሽ ሁሉ መታየት አለባቸው። በምታጠባ እናት ላይም «ወተት ቋጥሮ ነው» ተብሎ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይ።

በእጅ ዳስሶ ብቻ «ደህና ነሽ» ማለት አይበቃም። ከ40 ዓመት በታች ላለች ሴት የሚቀድመው አልትራሳውንድ ነው፤ የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ስለሚል በማሞግራፊ (በጡት ራጅ) ላይ እንደ ዕጢው ሁሉ ነጭ ሆኖ ይሸፍነዋል። ለማሞግራፊ ስትሄዱ ዲኦዶራንትና ፓውደር አትቀቡ፤ ቅንጣቱ ፊልሙ ላይ የካንሰር ምልክት ሊሆን የሚችለውን የካልሲየም ነጠብጣብ ይመስላል። ውጤቱ ላይ «ባይራድስ 0» (ባይራድስ የጡት ምስል ውጤት ደረጃ የሚሰጥበት ቁጥር ነው) የተጻፈላቸው ሴቶች «ምንም የለም» መስሏቸው ወደ ቤት ይመለሳሉ። ትርጉሙ ግን ምርመራው አልተሟላም፣ ተጨማሪ ምስል ያስፈልጋል ነው። 4 ወይም 5 ከሆነ ናሙና ይወሰዳል።

ናሙናው ላይ አደራ እንላለን። ቀጭኑ መርፌ ሴሎችን ብቻ ያወጣል፤ ወፍራሙ ቁራሽ ሥጋ ስለሚያወጣ ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ መሆኑን የሚያሳየውን የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ በአስተማማኝ ለመሥራት ይመቻል። ቁራሹ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ መጠኑን 10 ጊዜ በሚያህል ፎርማሊን (ናሙናው እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ መግባት አለበት። በጥቁር አንበሳ ዙሪያ ቢልቃጡን ይዞ ከክሊኒክ ወደ ላቦራቶሪ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነውና፣ ከመውጣታችሁ በፊት ፈሳሹ ፎርማሊን መሆኑን ጠይቁ፤ ናሙናው የተወሰደበት ሰዓትም ይጻፍላችሁ። የደረቀ ወይም የዘገየ ናሙና ተቀባዩን «የለም» ሊያሰኝ ይችላል፤ ሆርሞኑን የሚያግደው ታሞክሲፈን ሊረዳት የሚችል ሴት መድኃኒቱን ሳታገኝ ትቀራለች።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለውን ፍርሃት እናውቀዋለን። ካንሰሩን የሚያሰራጨው መርፌው ሳይሆን መዘግየቱ ነው። ጸበሉም ጸሎቱም ከሐኪም ቀጠሮ ጋር አብሮ ይሄዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ግብ ሴቲቱ ጤና ተቋም ከደረሰችበት ቀን አንስቶ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ነው። የደረሳችሁበትን ቀን ካርዳችሁ ላይ አስጽፉ፤ ቀጠሮው ከ60 ቀን የሚያልፍ ከሆነ «ናሙናዬ የት ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በጡት ምርመራ ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች
ልደታ፣ አዲስ አበባ