ቀጠሮ ለምን ይቀራል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ?

ቀጠሮ የያዘ ታካሚ ሲቀር ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው «ግድ የለውም» ነው። ለቀሩት እየደወልን ስንጠይቅ የምንሰማው ግን ሌላ ነው።

ዋናው ሰዓቱ ነው። የስልክ መልእክት በፈረንጅ ሰዓት «8፡30» ሲል ታካሚው ከምሳ በኋላ ይመጣል። የጾም ስኳር ለመለካት ከሆነ ደግሞ ያ ቀን ባከነ፤ ምርመራው ቢያንስ ለ8 ሰዓት ያህል ምንም ሳይበሉ ነውና። ቀኑም እንዲሁ ያምታታል። «10/5» የሚለውን አባት ጥር 10 ብለው ያነቡታል፤ ልጅ ደግሞ ሜይ 10፣ ማለትም ግንቦት 2 ነው ይላል። በመሀሉ አራት ወር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። (ጥር 10 ከሆነማ ከተራ ነው፤ ማንስ ይመጣል?)

ከባቲ በኩል ለሚመጣ ሰው ሰኞ መቅጠርም አያዋጣም፤ የገበያ ቀኑ ነው። መዝገብ ላይ ያለው ስልክ የልጅ ሆኖ፣ ልጅቱ ዐረብ አገር የሄደችበትም አለ።

«ግፊቴ ወረደልኝ» ብሎ የሚቀረው ግን ያሳስበናል። የወረደው መድኃኒቱ ስለያዘው ነው፤ ግፊት ደግሞ ሳያምም ውስጥ ውስጡን ይጎዳል።

አንዴ የቀረ ሰው እንደገና የሚቀረው ብዙ ጊዜ ቁጣ ፈርቶ ነው። አንዲት እናት እኛ ጋ መግባት አፍረው፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት አሮጌ ወረቀት እያሳዩ ኪኒን ሲገዙ አግኝተናቸዋል።

ስለዚህ ከእንግዲህ ካርዳችሁ ላይ ወሩ በስሙ፣ ዕለቱም ጭምር፣ ሰዓቱም «ጠዋት 2፡30» ተብሎ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል። ቅርብ ያለ የጎረቤት ወይም የዘመድ ስልክም እንጨምራለን። ገበያ፣ አጨዳ ወይም ለቅሶ ካለባችሁ ስንቀጥራችሁ ንገሩን፤ ቀን አይጠፋም። ረመዳንን የምትጾሙ የስኳር ታካሚዎች ጾሙ ሳይገባ ኑ። መድኃኒቱን በራሳችሁ ወደ ኢፍጣርና ሱሑር አታዙሩት፤ መጠኑን ሐኪም ማየት አለበት።

ቀጠሮ ያለፈባችሁም አብሽሩ። የካርድ ሳትከፍሉ በማንኛውም የሥራ ቀን ጠዋት ኑ፤ የምትወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ያዙ።

ከሰላምታ ጋር፣
የክሊኒኩ አስተዳደር፣ ደሴ