ማመልከቻ ለመጻፍም ገንዘብ ያስፈልጋል

ውድ አዘጋጅ፣

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ውስጥ ለትናንሽ ድርጅቶች የሂሳብ ሥራ እሠራለሁ። ከደንበኞቼ መካከል ሶላር የሚገጥሙና የባትሪ ቴክኖሎጂ የሚሞክሩ አሉ። ብዙዎቹ ለፌደራል ግራንት ማመልከት ሲችሉ አያመለክቱም። ለምን እንደሆነ በየቀኑ ስለማየው ዝም ማለት ከበደኝ።

አዲስ የቴክኖሎጂ ሐሳብ ላለው ሰው ዋናው በር ለትናንሽ ድርጅቶች የምርምር ገንዘብ የሚሰጠው ኤስ ቢ አይ አር የሚባለው የፌደራል ፕሮግራም ነው። ከ1982 ጀምሮ የቆየ ነው። የፌደራሉ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ደረጃ 200,000 ዶላር ገደማ ሲሰጥ ቆይቷል። ብድር ስላልሆነ አይመለስም፤ መንግሥት ከድርጅቱ ድርሻ አይወስድም። ባለቤቱም የግድ ዜጋ መሆን የለበትም፤ ግሪን ካርድ ይበቃል። ይህን የማያውቅ ስንት ወገን አለ!

ግን ሕጉ እስከ 500 ሠራተኛ ያለውን ድርጅት ሁሉ አንድ ላይ ያወዳድራል። ሦስት ሆነው ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ ልጆች፣ ፕሮፖዛል ጸሐፊ በደሞዝ ከቀጠረ ባለ 300 ሠራተኛ ድርጅት ጋር ይፋጠጣሉ ማለት ነው።

ወረቀቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ሳም በሚባለው የፌደራል ድረ ገጽ መመዝገብ አለ። ነፃ ነው፤ ግን ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። (እናስመዝግባችሁ እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ስላሉ ተጠንቀቁ፤ መንግሥት ለዚህ ሰባራ ሳንቲም አያስከፍልም።) ኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ ጋ ከማመልከቻው በፊት የፍላጎት ደብዳቤ መግባት አለበት። የደብዳቤው ቀን ካለፈ ለዚያ ዙር በቃ። ከዚያ የቴክኒክ ማብራሪያው፣ ዝርዝር በጀቱና የገበያ እቅዱ ይጻፋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ እንጀራ የሚያበላውን ሥራ አቁሞ። ካላሸነፈ የጠፋውን ጊዜ የሚከፍለው የለም።

የስቴት ገንዘብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሚኒሶታ በ2023 የስቴት ተወዳዳሪነት ፈንድ ብላ 115 ሚሊዮን ዶላር መድባለች። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግና በ2022 የወጣው የአየር ንብረት ሕግ ያመጡትን የፌደራል ገንዘብ ወደዚህ ለመሳብ ነው። ጥሩ ሥራ ነው፣ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ትልቁ ድርሻ የተመደበው ለማቺንግ ነው፤ የፌደራሉ ገንዘብ ሲመጣ ከጎኑ ለሚጨመረው። ማመልከቻ ለማዘጋጀት የተተወው በጣም ያንሳል። ማቺንግ የሚጠቅመው ማመልከት የቻለውን ነው። የኔ ደንበኞች የሚቀሩት ከዚያ በፊት ነው።

በድንጋይ ከሰል የምትታወቀው ዋዮሚንግ እንኳን ፌዝ ዜሮ በሚል ስም ለፕሮፖዛል መጻፊያ ብቻ የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ ለድርጅቶች ትሰጣለች። እኛ በ2040 መብራታችን በሙሉ ከካርቦን ነፃ ይሁን ብለን በሕግ የደነገግን ሰዎች ከዚያ ማነስ የለብንም። የሚሰጠውም ገንዘብ በቅድሚያ ይሰጥ። አውጡና ደረሰኝ አምጡ የሚባል ድጋፍ የሚያገለግለው የሚያወጣው ያለውን ነው። ካሽ የሌለው ድርጅት አማካሪ በምን ይቀጥር?

አሁን በዋሽንግተን ፖለቲካ ተቀይሯል፣ ለፕሮፖዛል ማውጣት ኪሳራ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ በጃንዋሪ 2025 ብዙ የኢነርጂ ገንዘብ ታግዷል። ለቤት ሶላር የሚሰጠው የታክስ ቅናሽም በ2025 መጨረሻ እንዲቀር ተደርጓል። ኤስ ቢ አይ አር ራሱ የሕጉ ዘመን በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ሲያልቅ አዲስ ጥሪ ማውጣት አቁሞ ነበር። እኔ ግን ድጋፉ የሚያስፈልገው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው እላለሁ። በሩ ሲከፈት የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ትልልቆቹ ሁሌም ዝግጁ ናቸው። ትንሹ ድርጅት ምዝገባውንና በጀቱን አስቀድሞ ካልጨረሰ አይደርስም።

የስቴት ምክር ቤት አባሎቻችን በሚቀጥለው በጀት ለማመልከቻ ዝግጅት የሚሆነውን ድርሻ እንዲያሳድጉ እጠይቃለሁ። መረጃውም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይውጣ። እናንተም የግራንት ጥሪዎችንና የመዝጊያ ቀኖቻቸውን ቋሚ ቦታ ሰጥታችሁ ብታትሙልን ትልቅ ውለታ ነው። ሐሳብ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ጥሪ እስኪወጣ አትጠብቁ፤ የሳም ምዝገባውን በዚህ ሳምንት ጀምሩ።

አክባሪያችሁ
ከሴንት ፖል