ለድንገተኛ ክፍል ባልደረቦች፦ የሐሙሱ ስብሰባ

ውድ ባልደረቦች፣

ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት በሥልጠና ክፍሉ ተሰብስበን፣ ጥቃት ሲቃጣብን ማን ምን እንደሚያደርግ እንወስናለን። ባለፈው ሳምንት አንድ አስታማሚ በግሉኮስ መስቀያው ብረት ነርሷ ላይ ሲዝት የኋላው በር ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ያወቀ ሰው አልነበረም። ከእንግዲህ እንዲህ መሥራት አንችልም።

በ2019 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 አሠሪው በሥራ ቦታ ያለውን የጥቃት ስጋት ከሠራተኞች ጋር ሆኖ ለይቶ እንዲያውቅ ይጠይቃል፤ ስለዚህ አስተዳደሩንም ጠርተናል። የምንወስነው ስለ ቁልፉ፣ ስለ ማንቂያ ደወልና ስለ ሌሊት ጥበቃ ነው።

የደረሰባችሁን ሁሉ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሳችሁ፣ የታካሚ ስም ሳትጠቅሱ ጽፋችሁ አምጡ። ስድቡም ይጻፍ፤ «የተለመደ ነው» እያልን ስናልፈው ነው እዚህ የደረስነው። መገኘት አለመገኘታችሁን እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ አሳውቁን፤ ተረኞች ጽሑፋችሁን አስቀድማችሁ ላኩልን።