አንድ ኢንዛይም ሲጎድል በአይጥ አንጀት የሚሆነው፦ የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የባዮሎጂ ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን በየሳምንቱ ርእስ ከመቀያየር ይልቅ አንድ ጥያቄ ይዞ ለመዝለቅ ወሰነ፤ ጥያቄውም አንድ ኢንዛይም ብቻ ሲጎድል በአይጥ አንጀት ያሉ የበሽታ መከላከያ ሴሎች ምን ይሆናሉ የሚል ነበር። የመረጥነው ኤ.አይ.ዲ በሚል ምኅጻር የሚጠራውን፣ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ ያደረጉትን ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ቢ ሴሎች በሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ የፀረ እንግዳ አካልን (በሽታ አምጪዎችን የሚከላከለውን ፕሮቲን) ጂን እየለወጠ፣ መጀመሪያ አይ.ጂ.ኤም የተባለውን የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ብቻ ያመርት የነበረው ሴል ሌሎች ዓይነቶችን፣ በተለይም የአንጀትን ገጽ የሚጠብቀውን አይ.ጂ.ኤን እንዲያመርት ያስችለዋል።

አባላቱ ኢንዛይሙ ከሌለ ሴሎቹም ይመናመናሉ ብለው ገመቱ፤ ግምቱም ምክንያት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የዚሁ ቡድን ጥናት ያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው፦ ኢንዛይሙ በሌላቸው አይጦች ቀጭን አንጀት አይ.ጂ.ኤ ባይኖርም፣ በግድግዳው ላይ ያሉት የቢ ሴሎች ክምችቶች አብጠው፣ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም 100 እጥፍ ያህል በዝተው ተገኙ።

አብዛኛውን ጊዜያችንን የወሰደው ከሁለቱ የትኛው የትኛውን አስከተለ የሚለው ክርክር ነው። ተመራማሪዎቹ ለአይጦቹ አንቲባዮቲክ ሲሰጧቸው ባክቴሪያዎቹ ቀነሱ፣ እብጠቱም ጠፋ፤ ኢንዛይሙ ግን አሁንም አልነበረም። ስለዚህ ሴሎቹን ያበዛቸው በቀጥታ የኢንዛይሙ መጉደል ሳይሆን፣ አይ.ጂ.ኤ ባለመኖሩ ተቆጣጣሪ ያጡት ባክቴሪያዎች ሴሎቹን ያለማቋረጥ መቀስቀሳቸው ነው። የ11ኛ ክፍል አባላት ይህን አመክንዮ በሚኒ ሚዲያ ለመላው ተማሪ በራሳቸው አማርኛ ሲያስረዱ መስማቴን ከዓመቱ ሥራ ሁሉ አስበልጬ እመለከተዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ጤነኛውንና ኢንዛይም የሌለውን አይጥ ደማቸው እንዲገናኝ በቀዶ ሕክምና አያይዞ፣ አይ.ጂ.ኤ አምራች ሴሎች ከጤነኛው ሲሻገሩ የባክቴሪያዎቹ ስብጥር እንደሚስተካከል አረጋገጠ። ሙከራው በእንስሳት ላይ የሚደረግ ምርምር ወሰኑ የት ነው የሚል ብርቱ ውይይት አስነሥቷል፤ ውይይቱ መነሣቱም ተገቢ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ወደ ሰው ተሻገርን። ይህን ኢንዛይም በሚያስገኘው ጂን ጉድለት የተወለዱ ሰዎች በባክቴሪያ በሽታ እየተደጋገሙ ይጠቃሉ፣ የሊምፍ ዕጢዎቻቸውና ቶንሲሎቻቸውም ያብጣሉ፤ ከጤነኞች ደም የተሰበሰበ ፀረ እንግዳ አካልም በሕክምና ይሰጣቸዋል። ክበቡ በመጪው ዓመት ከዚህ ሕክምና ይጀምራል።